ለፍልስጤም እውቅና የሰጠ አገር ምን ሰጠ?

በ1938 ለንደን ውስጥ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ነበር። ከሳሹ በስደት ላይ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ተከሳሹ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለ የቴሌግራፍ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ከጣሊያን ወረራ በፊት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ውል ምክንያት ከ10 ሺህ ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ ዕዳ ነበረበት። ዕዳው መኖሩን ማንም አልካደም። ጥያቄው ገንዘቡ የማን ነው የሚል ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ነው ወይስ አገሪቱን የያዘው የጣሊያን? በጁላይ ወር ዳኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱ፤ ብሪታኒያ በሕግ የኢትዮጵያ ባለሥልጣን አድርጋ የምታውቀው ገና እሳቸውን ነበርና። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይወሰን፣ በኖቬምበር፣ የብሪታኒያ መንግሥት የጣሊያኑን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ አወቀ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም የመጀመሪያውን ፍርድ ገልብጦ ገንዘቡ የጣሊያን ንጉሥ ነው አለ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ኢትዮጵያ ምድር ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ አርበኞቹ በየጫካቸው ነበሩ፣ ጣሊያንም በየከተማው ነበር። የተለወጠው ለንደን ያለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቋም ብቻ ነው።

ወረራውን ካላወቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በስሟ አደባባይ ያላት ለዚህ ነው፤ በእሷም ዋና ከተማ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ።

የመጣሁት ግን ስለ ፍልስጤም ልነግራችሁ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ክርክር የጀመርኩት እውቅና የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚቆም ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ጉዳይ ስለማላውቅ ነው። አንዳንድ ሰው “እውቅና ወረቀት ነው፣ ምን ያመጣል?” ይላል። ሌላው ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 እንግሊዝና ፈረንሳይ ፍልስጤምን ሲያውቁ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ሁለቱም የሳቱ ይመስለኛል። እውቅና የሚያዘው እውቅናውን በሰጠው አገር እጅ ባለው ነገር ላይ ነው። ብሪታኒያ ፍርድ ቤቷ፣ ባንኳ፣ ጉምሩኳ፣ በዓለም መድረክ ያላት ድምፅ በእጇ ነው፤ በእነዚህ ላይ እውቅናዋ ይሠራል። ከእጇ በወጣው ነገር ላይ፣ ራማላህ ውስጥም ሆነ ጋዛ፣ ቃሏ ከምኞት አያልፍም። የዛሬው ንግግሬ በዚህች ሐሳብ ዙሪያ ነው።

የዓለም አቀፍ ሕግ መምህራን ለሁለት ተከፍለው ብዙ ቀለም ያፈሰሱበት ጥያቄ አለ። አንዱ ወገን መንግሥት መንግሥት የሚሆነው ሌሎች ሲያውቁት ነው ይላል። ሌላው መንግሥት በራሱ ይቆማል፣ እውቅና ያለውን ነገር መመስከር ብቻ ነው ይላል። በ1933 ሞንቴቪዴዮ ላይ የተፈረመው ስምምነት አራት መስፈርት አስቀምጧል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የማድረግ ችሎታ። ፍልስጤምን በእነዚህ ብትመዝኗት ግራ የሚያጋባ ውጤት ታገኛላችሁ። ሕዝቡ አለ፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግዛቱ ከ1967 ጦርነት በፊት በነበረው መስመር ይነገራል፣ መሬት ላይ ግን አልተካለለም። መንግሥት አለ፤ ነገር ግን ከዌስት ባንክ 60 በመቶ የሚሆነው በእስራኤል ሙሉ ቁጥጥር ሥር ነው፣ ጋዛም ከ2007 ጀምሮ የፍልስጤም አስተዳደር ከሚቀመጥባት ከራማላህ እጅ ወጥታለች። አራተኛው መስፈርት ላይ ስትደርሱ ደግሞ ፍልስጤም ከብዙ ነባር አገሮች ትበልጣለች፤ ኤምባሲዎቿ ብዙ ናቸው፣ ዲፕሎማቶቿም የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው። በእኛ አገር አነጋገር፣ የቤቱ ካርታ በስሙ ወጥቷል፣ ሰፈሩም ባለቤትነቱን ይመሰክርለታል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ ቁልፉም ያ ሰው ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ እንዴት ተደረሰ? ኖቬምበር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በብሪታኒያ ሞግዚትነት ሥር የነበረችውን ፍልስጤምን ለአይሁድና ለዓረብ መንግሥት የሚከፍለውን ውሳኔ 181 በ33 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ። ከአሥሩ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። (ድምፀ ተዓቅቦ ያን ጊዜም እናውቅበት ነበር።) ዓረቦቹ ክፍፍሉን አልተቀበሉም። ሜይ 14 ቀን 1948 እስራኤል መመሥረቷን ስታውጅ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እውቅና ለመስጠት የፈጀባቸው 11 ደቂቃ ነው። ሶቪየት ኅብረትም ሳትዘገይ ተከተለች።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ጋዛ ውስጥ “የመላው ፍልስጤም መንግሥት” የሚባል መቋቋሙን የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም። ከዮርዳኖስ በስተቀር የዓረብ ሊግ አባላት አወቁት። ዮርዳኖስ ያላወቀችው ዌስት ባንክን ራሷ ልትጠቀልል ስለፈለገች ነው፤ በ1950 ጠቀለለችም። ጋዛን ግብፅ ታስተዳድር ነበር። ያ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ካይሮ ገብቶ ስሙ ብቻ ቀረ፤ በ1959 የግብፁ መሪ ጋማል አብዱል ናስር አፈረሱት። ይህን የማነሳው ፍልስጤማውያን መንግሥት እንዳይኖራቸው የሠራው አንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ወንድም የተባሉትም መሬቱን ይዘው እውቅናውን በአፍ ሰጥተዋል። እውቅናና መሬት የተለያዩት ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተገናኙም።

የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት በ1964 ተቋቋመ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በኦክቶበር 1974 የዓረብ መሪዎች ራባት ላይ ተሰብስበው ድርጅቱን የፍልስጤም ሕዝብ ብቸኛ ሕጋዊ ወኪል አሉት። በሚቀጥለው ወር የድርጅቱ መሪ ያሲር አራፋት ኒው ዮርክ ላይ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆመው ተናገሩ፤ ድርጅቱም የታዛቢነት ወንበር አገኘ። ከዚህ ጀምሮ የፍልስጤማውያን የውጭ ግንኙነት መልክ ያዘ፦ መጀመሪያ ቢሮ፣ ከዚያ ልዩ መልእክተኛ፣ ከዚያ ኤምባሲ። ሌሎች አገሮች መሬት ይዘው ኤምባሲ ይከፍታሉ፤ እነዚህ ኤምባሲ ከፍተው መሬት ፍለጋ ሄዱ።

ኖቬምበር 15 ቀን 1988 የፍልስጤም ብሔራዊ ምክር ቤት አልጀርስ ላይ የነፃነት አዋጅ አወጀ። የአዋጁን ጽሑፍ ያረቀቀው ገጣሚው ማሕሙድ ዳርዊሽ ነው። ዓመቱ ሳይወጣ ወደ ሰማንያ የሚጠጉ አገሮች እውቅና ሰጡ፤ አብዛኞቹ ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከምሥራቅ አውሮፓ ናቸው። አራፋት ይህንኑ ለጠቅላላ ጉባኤው ሊያስረዱ ወደ ኒው ዮርክ ለመሄድ ቪዛ ቢጠይቁ አሜሪካ ከለከለቻቸው። ጉባኤው እሳቸውን ለመስማት ሲል ስብሰባውን ወደ ጄኔቫ አዛወረ። አንድን ሰው ለመስማት የዓለም መንግሥታት ጓዛቸውን ጠቅልለው ውቅያኖስ ተሻገሩ ማለት ነው። በ2025 የፍልስጤሙ ፕሬዚዳንት መሐሙድ አባስም እንዲሁ ቪዛ ተከለከሉ። በዚህ ጊዜ ጄኔቫ የሄደ የለም፤ ጉባኤው በቪዲዮ እንዲናገሩ ፈቀደላቸውና አለቀ። በ37 ዓመት ውስጥ እውቅና የሰጡት አገሮች ቁጥር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ክልከላው ግን እንዳለ ነው፤ ቪዛው ያለው እውቅና ባልሰጠችው አገር እጅ ነውና።

አሁን እስራኤልና ፍልስጤማውያን ወደተፈራረሙት የኦስሎ ስምምነት። በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። ሰዎች ሴፕቴምበር 13 ቀን 1993 ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንና አራፋት ሲጨባበጡ የተነሳውን ፎቶግራፍ ያስታውሳሉ። እኔ ግን ከዚያ በአራት ቀን የሚቀድሙትን ደብዳቤዎች እንድታስታውሱ እወዳለሁ። አራፋት ለራቢን በጻፉት ድርጅታቸው የእስራኤል መንግሥት በሰላምና በደኅንነት የመኖር መብት እንዳለው አወቀ። ራቢን በመለሱት አጭር ደብዳቤ ደግሞ እስራኤል የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅትን የፍልስጤም ሕዝብ ወኪል አድርጋ አወቀች። ልዩነቱን አያችሁት? በአንድ በኩል መንግሥት ታወቀ፤ በሌላው በኩል ወኪል ታወቀ። ፍልስጤም የምትባል አገር ትኖራለች የሚል ቃል በራቢን ደብዳቤ ውስጥ የለም።

ዓረቦች ከ1967ቱ የካርቱም ጉባኤ ጀምሮ እስራኤልን አለማወቅን እንደ ዋና መደራደሪያ ይዘው ኖረዋል፤ ሰላም የለም፣ እውቅና የለም፣ ድርድር የለም ብለው ነበር። ፍልስጤማውያን ያንን መደራደሪያ በአንድ ደብዳቤ አወጡት፣ በምትኩ ያገኙት ግማሽ ነው። ይህ የኔ ፍርድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም የሚሉ አሉ፣ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ የገንዘብ ምንጫቸው ደርቆ እንደነበር ሳስብ ክርክሩ ውኃ የሚቋጥር ይመስለኛል።

በ1995 የተፈረመው ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት ነገሩን አጠበቀው። አዲሱ የፍልስጤም አስተዳደር በውጭ ግንኙነት ሥልጣን አይኖረውም፣ ኤምባሲ አይከፍትም ይላል። በአስተዳደሩ ስም ውል መፈረም የሚችለው ነፃ አውጪ ድርጅቱ ነው፤ እሱም በኢኮኖሚ፣ በዕርዳታ፣ በባህልና በትምህርት በመሳሰሉት ላይ ብቻ። ስለዚህ በየአገሩ ያለው ኤምባሲ በሕግ የድርጅቱ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ግን ራማላህ ያለው አስተዳደር ሆነ። የድርጅቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ፋሩቅ ቃዱሚ ኦስሎን ተቃውመው ቱኒስ ቀሩ፣ ራማላህም የራሱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሾመ። አንድ ሕዝብ ለዓመታት ሁለት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነበረው።

የኛ አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ነበረች? በ1973ቱ የጥቅምት ጦርነት ኢትዮጵያ እንደ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ለንጉሠ ነገሥቱ ከባድ ውሳኔ ነበር፤ እስራኤል ጦራቸውን የምታሠለጥን ወዳጅ ነበረች። በ1989 ደግሞ ኢትዮጵያ ለፍልስጤም እውቅና ሰጠች፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት መልሳ ቀጠለች። ሁለቱን በአንድ ዓመት! መርህ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ሰሜኑ ጦርነት እየገፋ፣ የሶቪየት መሣሪያ እየቀነሰ፣ የቤተ እስራኤላውያን ጉዞ ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ሳስብ ከመርህ ይልቅ ችግር ያዋለደው ይመስለኛል። ያም ሆኖ ውጤቱ መጥፎ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ከሁለቱም ጋር ትነጋገራለች።

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ መሆኗ ደግሞ ክርክሩን ቤታችን ድረስ አምጥቶታል። በ2021 የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪ ማኅማት ለእስራኤል የታዛቢነት ደረጃ ሲሰጡ አልጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ተቃወሙ፣ በተከታዩ ዓመት ጉዳዩ እንዲንጠለጠል ተደረገ። በፌብሩዋሪ 2023 በመሪዎች ጉባኤ መክፈቻ ላይ አንዲት ከፍተኛ የእስራኤል ዲፕሎማት በጥበቃ ታጅበው ከአዳራሹ ሲወጡ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። ፍልስጤም በዚያው ኅብረት ታዛቢ ናት። ከአፍሪካ አገሮች ለፍልስጤም እውቅና ያልሰጡት ካሜሩንና ጎረቤታችን ኤርትራ ናቸው።

ከዚህ የሚቀርብ ሌላም ጉዳይ አለን፤ ዴር ሡልጣን። መነኮሳቶቻችን የሚኖሩበት ይህ ገዳም በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ፣ በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ከተማዋ በዮርዳኖስ እጅ ሳለች፣ በ1961፣ የዮርዳኖስ መንግሥት ቁልፉን ለኢትዮጵያውያን ሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ በግብፅ ግፊት መለሰው። በ1970 ትንሣኤ ሌሊት፣ የገዳሙን ይዞታ የሚከራከሩን የግብፅ መነኮሳት ጸሎት ላይ ሳሉ፣ መቆለፊያው ተቀየረና ቁልፉ በእኛ እጅ ገባ፤ በዚያ ጊዜ ከተማዋን የያዘችው እስራኤል ነበረች። ግብፃውያኑ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ምሥራቅ ኢየሩሳሌም የማን ናት የሚለው የፍልስጤም ጥያቄ ዋና አንጓ ሲሆን ለነዚህ መነኮሳት የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። የከተማዋ ባለሥልጣን በተለወጠ ቁጥር የበሩ ጉዳይ እንደገና ይነሳል።

በሴፕቴምበር 2011 መሐሙድ አባስ ለተባበሩት መንግሥታት የሙሉ አባልነት ማመልከቻ አስገቡ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የጸጥታው ምክር ቤት በዘጠኝ ድምፅ፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱም ሳይቃወም፣ ለጠቅላላ ጉባኤው ያሳስባል፤ ጉባኤውም በሁለት ሦስተኛ ያጸድቃል። ማመልከቻው ምክር ቤቱ ውስጥ ቆመ። ፍልስጤማውያን በሌላ በር ሄዱ። ከአንድ ወር በኋላ ዩኔስኮ በ107 ድጋፍ፣ በ14 ተቃውሞ ሙሉ አባል አድርጎ ተቀበላቸው። አሜሪካ በ1990ና በ1994 ባወጣቻቸው ሕጎች መሠረት ወዲያው መዋጮዋን አቆመች፤ ከዩኔስኮ በጀት 22 በመቶው ነበር። እነሆ እውቅና ዋጋ አለው ማለት ይህ ነው፤ ዋጋውን ግን የከፈለው ሦስተኛ ወገን፣ ዩኔስኮ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ የዓለም ድርጅቶች የፍልስጤምን ማመልከቻ በስጋት ማየታቸው አያስገርምም።

ኖቬምበር 29 ቀን 2012፣ ከክፍፍሉ ውሳኔ 65 ዓመት በኋላ በዕለቱ፣ ጠቅላላ ጉባኤው በ138 ድጋፍ፣ በ9 ተቃውሞና በ41 ድምፀ ተዓቅቦ ፍልስጤምን “አባል ያልሆነ ታዛቢ መንግሥት” አላት። የተጨመረው “መንግሥት” የሚለው ደረጃ ነው። ይህ ደረጃ ግን አንድ ትልቅ በር ከፈተ፦ ለመንግሥታት ብቻ የተከፈቱ ስምምነቶችን መፈረም። በኤፕሪል 2015 ፍልስጤም የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል ሆነች፤ በ2021 ዳኞቹ ሥልጣናቸው ጋዛን፣ ዌስት ባንክንና ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን እንደሚጨምር ወሰኑ። እዚህም ላይ እውቅናው የሠራው የሰጪዎቹ ድምፅ በሚቆጠርበት ቦታ ነው።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የሐማስ ጥቃት እስራኤል ውስጥ ወደ 1,200 ሰዎች ገደለ፤ የተከተለው ጦርነት፣ በጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቆጠራ፣ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ከ60 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያንን ገደለ። ኤፕሪል 18 ቀን 2024 የአባልነቱ ጥያቄ እንደገና ጸጥታው ምክር ቤት ቀረበ፦ 12 ድጋፍ፣ 2 ድምፀ ተዓቅቦ፣ አንድ ተቃውሞ። አንዷ አሜሪካ ስለነበረች ሌሎቹ አሥራ ሁለቱ አልረቡም። በሜይ ኖርዌይ፣ አየርላንድና ስፔን እውቅና ሰጡ፤ በአውሮፓ ኅብረት አባልነቷ ላይ ሳለች ቀድማ ያደረገችው ስዊድን ናት፣ በ2014። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2025 ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ፖርቱጋል፣ በማግሥቱ ፈረንሳይና ትንንሽ የአውሮፓ አገሮች ተከተሉ። ከ193 የተባበሩት መንግሥታት አባላት 157ቱ አወቋት ማለት ነው። ከአምስቱ የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት የቀረችው አሜሪካ ብቻ ሆነች።

የእስራኤል መንግሥት ተቃውሞ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ለሐማስ ሽልማት ነው የሚል። ታጋቾች ገና ባልተለቀቁበት ወቅት ይህን የሰሙ ቤተሰቦች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም፤ የጊዜ ምርጫውን በተመለከተ ክርክሩ ክብደት አለው። ሁለተኛው፣ መንግሥት የሚመጣው በሁለቱ ቀጥታ ድርድር ነው የሚል ነው። ይህኛው አያሳምነኝም። የመጨረሻው ቁም ነገር ያለው ድርድር የፈረሰው በ2014 ነው፤ በጁላይ 2024 ደግሞ የእስራኤል ፓርላማ የፍልስጤምን መንግሥት መመሥረት የሚቃወም ውሳኔ በ68 ለ9 ድምፅ አሳልፏል። ውጤቱን አስቀድሞ የዘጋ ወገን በድርድር ይመለስ ሲል የሚጠይቀው ጊዜ ነው።

የፍልስጤም ወገንም ያልተከፈለ ዕዳ አለበት። መሐሙድ አባስ በጃንዋሪ 2005 ለአራት ዓመት ተመረጡ፤ ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አልተካሄደም። በ2021 ቀን የተቆረጠለት ምርጫም ተሰረዘ። ጦርነቱ በቆመ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫ እናደርጋለን ብለው ለአውሮፓውያኑ ቃል የገቡት እውቅናው በመጣበት ሰሞን ነው። ሕዝቡ ዳግም ያልመረጠውን መንግሥት ዓለም ሲያውቀው የሚያፍረው ማን እንደሆነ እነሱም ያውቁታል።

መሬት ላይ ያለውን እንይ። ራማላህ የተሾመ የውጭ ዲፕሎማት እስራኤል በምትቆጣጠረው ድንበር ካላለፈ ቢሮው አይደርስም። ጋዛ ላይ በ1998 የተከፈተ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ፤ ማኮብኮቢያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ኦገስት 2024፣ ኖርዌይ እውቅና ከሰጠች በሦስተኛው ወር፣ እስራኤል የፍልስጤምን ጉዳይ የሚከታተሉ ስምንት የኖርዌይ ዲፕሎማቶችን የዲፕሎማትነት ፈቃድ ሰረዘች። ኖርዌይ ኢየሩሳሌም አጠገብ አል ራም የነበረውን ቢሮዋን ዘጋች። የኦስሎን ድርድር በቤቷ ያስተናገደችው ኖርዌይ ፍልስጤምን በወረቀት ስታውቅ በአካል ራቀች።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። በ1994 ፓሪስ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት ለፍልስጤም ገበያ የሚገባውን ዕቃ ቀረጥ የምትሰበስበው እስራኤል ናት፤ በየወሩ ታስተላልፋለች ይላል። ይህ ገቢ ከአስተዳደሩ በጀት ከግማሽ በላይ ነው። ፖለቲካው ሲከር ዝውውሩ ይቆማል ወይም ይቀነሳል፤ መምህሩና ነርሷ ደመወዛቸውን በከፊል ይቀበላሉ፣ ወይም ይጠብቃሉ። መገበያያው ሼቄል ነው። የፍልስጤም ፓስፖርት አለ፤ ነገር ግን ለዌስት ባንክና ለጋዛ ነዋሪ መታወቂያ የሚወጣበት የሕዝብ መዝገብ ያለ እስራኤል ፈቃድ አይታረምም። 157 አገሮች የሚያውቁት መንግሥት ከዮርዳኖስ ወይም ከሌላ አገር የመጣችን ሙሽራ በነዋሪነት ለመመዝገብ የሌላ መንግሥት ይሁንታ ይጠብቃል።

ሶማሌላንድ ተቃራኒው ናት። ከ1991 ጀምሮ መሬቷን ይዛ፣ ምርጫ አካሂዳ፣ የራሷን ገንዘብ አትማ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም የተባበሩት መንግሥታት አባል ሳያውቃት ኖረች። በዲሴምበር 2025 ቀድማ ያወቀቻት እስራኤል ናት። የፍልስጤምን እውቅና አጥብቃ የምትቃወመው አገር እውቅና ምን ያህል እንደሚጠቅም በሚገባ ታውቃለች ማለት ነው።

በኖቬምበር 2025 የጸጥታው ምክር ቤት የጋዛን የተኩስ አቁም ተከትሎ ባጸደቀው ውሳኔ 2803 ውስጥ ወደ ፍልስጤም መንግሥትነት የሚወስድ መንገድ እንዲኖር የሚል ቃል ገብቷል። ቃሉ በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነው፤ ቀንም አልተቆረጠለትም።

ታዲያ አዲስ እውቅና የሰጡት አገሮች ምን ማድረግ ይችላሉ? ራማላህ ኬላ ላይ ሳይሆን በገዛ ወደባቸው ላይ ማለቴ ነው። ስሎቬኒያ በጁን 2024 እውቅና ሰጠች፤ በኦገስት 2025 ደግሞ በተያዘው መሬት ላይ ባሉ የእስራኤል ሰፈራዎች የተመረተ ዕቃ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች። ስፔንም በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ እርምጃ አወጀች። የዕቃው መጠን ትንሽ ነው፣ የእስራኤልን ኢኮኖሚ አያናጋም። ሆኖም መሬቱ የፍልስጤም ነው ብሎ ያወቀ አገር ከዚያ መሬት የወጣውን ቴምር የእስራኤል ምርት ብሎ ቀረጥ ከቀነሰለት ንግግሩንና ጉምሩኩን ለየብቻ ያስተዳድራል ማለት ነው። አብዛኞቹ ዛሬም እንዲሁ ናቸው።

ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የፍልስጤም ልዑክ በጠቅላላ ጉባኤው አዳራሽ ከአባል አገሮች መካከል፣ በስሪላንካና በሱዳን መሐል ይቀመጣል። ይናገራል፣ ሐሳብ ያቀርባል፣ ማሻሻያ ያስገባል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም። ከአሁን በኋላ አንድ አገር ፍልስጤምን አወቀ የሚል ዜና ስትሰሙ እባካችሁ የሰንደቅ ዓላማውን ሥነ ሥርዓት ብቻ አትከታተሉ፤ በሳምንቱ የዚያ አገር ጉምሩክ ምን መመሪያ እንዳወጣም ጠይቁ። ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።